ማስክ ከማደል በፊት ውሃ ይቅደም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በጅማ ፎቅ ቤቶች የማጠናቀቂያ ሥራ ላይ ሴራሚክ፣ ግራናይትና ኮንክሪት በግራይንደር (በሚሽከረከር ዲስክ በሚቆርጥ የእጅ ማሽን) በደረቁ ይቆረጣሉ። ከመስኮት ሲወጣ የሚታየው የአቧራ ደመና ከጉዳዩ ትንሹ ክፍል ነው። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ከ10 ማይክሮን በታች የሆነው፣ ዓይን የማይለየው የሲሊካ (በድንጋይና በአሸዋ ውስጥ የሚገኝ ማዕድን) ብናኝ ነው። ሳንባን እያቆሰለ ጠባሳ ያደርገዋል። ሲሊኮሲስ የሚባለው ይህ በሽታ ፈውስ የለውም፤ ለቲቢም ያጋልጣል። ስለዚህ ሳል ይዞት ጤና ጣቢያ የሄደ የግንባታ ሠራተኛ ሥራው ምን እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባል።

መጠኑን ለመረዳት፦ የአሜሪካ ሕግ ለ8 ሰዓት የሥራ ቀን የፈቀደው በአማካይ በ1 ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮግራም የዚህ ብናኝ ነው። 3 በ4 ሜትር ስፋት፣ 3 ሜትር ከፍታ ላለው ክፍል ይህ በጠቅላላው 1.8 ሚሊግራም ነው፤ ከአንድ ቁንጥር ጨው በብዙ ያነሰ።

ድንጋይ ሁሉ እኩል አይደለም። በኮንክሪትና በሞርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኮ) ውስጥ ከ25 እስከ 70 በመቶ፣ በሴራሚክ ከ30 እስከ 45 በመቶ፣ በግራናይት 30 በመቶ ገደማ ሲሊካ ይገኛል። ጥቁር ድንጋይ ግን ከ5 በመቶ አይበልጥም፤ እብነ በረድም 2 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ ደጅ ተቀምጦ ጥቁር ድንጋይ ከሚጠርበው ይልቅ መታጠቢያ ቤት ተዘግቶበት ሴራሚክ የሚቆርጠው ያሳስበናል።

በየሳይቱ የተለመደው መላ አንዱ ሲቆርጥ ሌላው በሃይላንድ ውሃ ማፍሰስ ነው። ይህ ሁለት ጉድለት አለው። ውሃው ይቆራረጣል፤ ደግሞም ተራው የኤሌክትሪክ ግራይንደር ውሃ እንዲነካው ተብሎ አልተሠራም፣ ሰው ይገድላል። ትክክለኛው፣ ደጅ ለሚቆረጠው ውሃ ማጠጫ የተገጠመለት የቤንዚን መቁረጫ፣ አለዚያም ፓምፕ ያለው የጠረጴዛ መቁረጫ ነው። የጠረጴዛው መቁረጫ በ30 ሚሊአምፔር በሚያቋርጥ የሌኬጅ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ራሱ በሚያጠፋ ማብሪያ) በኩል ይያያዝ። ለእጅ የቤንዚን መቁረጫ ውሃው ዲስኩ ድንጋዩን በሚነካበት ቦታ ላይ ቢያንስ በደቂቃ ግማሽ ሊትር መድረስ አለበት። ገበሬው በጀርባው የሚያዝለው ባለ 16 ሊትር መርጫ ቱቦው ከመቁረጫው ጋር ቢገናኝ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ፀረ አረም ወይም ፀረ ተባይ የነካው ግን አይሁን።

ለሴራሚክ ቀጥታ ቁርጥ ደግሞ ጭሮ የሚሰብር የእጅ መቁረጫ አለ፤ አቧራው ከቁጥር የማይገባ ነው። ብዙዎች "ይሰብርብናል" ብለው የሚተውት አብዛኛውን ጊዜ የሚጭረው ትንሽ መንኮራኩር ስለደነዘ ነው። መንኮራኩር መቀየር ከሴራሚክ ኪሳራ ይረክሳል።

ከሁሉ የከፋው ለኤሌክትሪክ ቱቦ ግድግዳ መቦርቦር ነው። ይህኛው ከዕቅድ ጉድለት የሚመጣ ነው፤ ቱቦው ብሎኬት ሲደረደር አብሮ ቢገባ አብዛኛው ቡርቦራ ይቀራል።

በውሃ ሲቆረጥ የሚወጣው ጭቃ እንደረጠበ ይነሣ። ከደረቀ ተመልሶ አቧራ ነው። ወለል ውሃ ተረጭቶ ይጠረግ፤ ልብስ በኮምፕረሰር አይነፋ።

ማስክ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሻሽና የሕክምና ማስክ ይህን ብናኝ አያስቀሩም። ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ3 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ያስፈልጋል፤ እሱም ጢም ባደገ ፊት ላይ በጠርዙ አየር ስለሚያስገባ አይሠራም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅና የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ችግሩ የውሃ መቁረጫው ዋጋ በጨረታ ሰነዱ የሥራ ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩ ነው። ዝቅተኛ ዋጋ አቅርቦ ያሸነፈ ተቋራጭ ያልተከፈለበትን ዕቃ ከኪሱ አይገዛም። የከተማው ግንባታ አሠሪዎችና አማካሪ መሐንዲሶች የውሃ መቁረጫን፣ የሌኬጅ ብሬከርንና ማስክን ራሱን በቻለ መስመር፣ በብዛትና በነጠላ ዋጋ እንዲያስገቡ እንጠይቃለን።

የግንባታ ደኅንነት ባለሙያዎች፣ ከጅማ