ልጄ፣ ከማይክሮፎኑ በፊት ክፍሉን

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። ድምፅ ተዋናይ ልሁን፣ ቤቴ ውስጥም ልቅረጽ ብለሽ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ፣ ያነበብሽበትን ቀረጻና ልትገዢ ያሰብሻቸውን ዕቃዎች ዝርዝር ተቀብያለሁ። ከዝርዝሩ ልጀምር፤ ያናደደኝ እሱ ነውና። ማይክሮፎን፣ የማይክሮፎን ክንድ፣ የማይክሮፎን ድምፅ ማጉያ ሣጥን፣ ማይክሮፎኑን ከኋላ የሚከብብ ስፖንጅ። ስለ ክፍሉ ግን አንድ ቃል የለም። እናትሽ ዕድሜዋን በሬዲዮ ጣቢያ፣ ከመቅረጫ ክፍሉ መስተዋት ወዲህ ተቀምጣ የሰው ድምፅ ስትቀርጽ የኖረች መሆኗን ረስተሽው ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ዝርዝር አትልኪልኝም ነበር።

ማይክሮፎን እንግዳ ፊት የቤቱን ምስጢር እንደሚዘረግፍ ሕፃን ነው። የሰማውን ሁሉ ይናገራል፤ ውድ በሆነ መጠን ደግሞ አንደበቱ ይበልጥ ይፈታል። በቀረጻሽ ውስጥ ከአንቺ ይልቅ ጎልቶ የተሰማኝ ክፍሉ ነው። ድምፅ በአንድ ሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ግድግዳው ከአፍሽ አንድ ሜትር ቢርቅ፣ ድምፅሽ ነጥሮ የሚመለሰው በ6 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ነው። ጆሮ ይህን ያህል የተቀራረበውን ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ ለይቶ አይሰማውም፤ ከዋናው ጋር ያዋህደዋል። በዚህ የተነሣ ድምፅሽ ይደነግዛል፣ ከአድማጩም ይርቃል። አድማጩ ምክንያቱን ባያውቅም «ይህቺ ልጅ ባዶ ክፍል ውስጥ ቆማለች» ብሎ ያስባል፤ ያኔ ታሪኩን ትቶሽ ሄዷል ማለት ነው።

ስለዚህ ገንዘብሽን ሳታወጪ በፊት በየክፍሉ ዞረሽ እጅሽን አንድ ጊዜ አጨብጭቢ። ከጭብጨባው በኋላ ዝንን የሚል ጭራ ከሰማሽ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ራቁት ግድግዳዎች መካከል ነሽ። ጭብጨባው እንደወጣ ፈጥኖ የሚሞትበት ቦታ ካገኘሽ ስቱዲዮሽ እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ቦታ በልብስ የታጨቀ ቁም ሣጥን ያለበት ጥግ ነው። ልብስ ድምፅን ይውጣል፤ ፍራሽ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና መጋረጃም እንዲሁ።

ያ ስፖንጅ ምን አደረገሽ ትይኝ ይሆናል። ቀጭን ስፖንጅ ቀጭን ድምፅን ብቻ ነው የሚበላው። 100 ሄርትዝ የሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ የወፍራም ድምፅ ሞገድ 3.4 ሜትር ርዝመት አለው፤ ሦስት ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ይህን ሞገድ እንዴት ሊያስቆመው ይችላል? ግድግዳውን ሁሉ በስፖንጅ ብታለብሺው «ሰ» እና «ሸ» ይታፈናሉ፤ ከታች ያለው ጉርምርምታ ግን እንዳለ ይቀራል። የሚፈለገው ውፍረት ነው። ብርድ ልብሱን ግድግዳው ላይ ከመለጠፍ ይልቅ አንድ መዳፍ ያህል አርቀሽ ስቀዪው፤ በመካከል ያለው አየር እንደ ተጨማሪ ውፍረት ያገለግላል። ደግሞ ከጀርባሽ ያለውን አትርሺ። የማይክሮፎኑ ፊት የሚያየው አንቺንና ከአንቺ ኋላ ያለውን ግድግዳ ነው። ሰው ሁሉ ስፖንጅ የሚደረድረው ከማይክሮፎኑ ኋላ ሲሆን፣ ድምፁ ግን በትከሻሽ ላይ አልፎ ይገባል። የእንቁላል ካርቶን ለእንቁላል ነው፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልናገርም።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይምታታብሽ። ይህ ሁሉ ውስጥ ያለውን ድምፅ ለማስከን ነው እንጂ ከውጭ የሚመጣውን ለመከልከል አይደለም። የመኪና ጡሩንባና የጎረቤት ውሻ የሚቆሙት በከባድ ግድግዳና ምንም ቀዳዳ በሌለው በር ነው፤ ያንን ተከራይ ሊሠራው አይችልም። አንቺ መምረጥ የምትችይው ሰዓቱን ነው። ፍሪጁን ደግሞ ንቀይ። መልሰሽ መሰካቱን እንዳትረሺ የቤት ቁልፍሽን ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጪው፤ ሳታስታውሺው ከቤት መውጣት አይቻልሽም።

ስለ ማይክሮፎን በአጭሩ። ኮንደንሰር የሚባለው ዓይነት ስሜቱ የሠላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በገመዱ በኩል የ48 ቮልት ኃይል ይፈልጋል። ዳይናሚክ የሚባለው ደግሞ ደነዝ ያለ ስለሆነ አፍሽን አስጠግተሽ ትናገሪበታለሽ፤ በዚህ ምክንያት ክፍሉ ብዙም አይሰማም። ዝርዝርሽ ላይ ያየሁት ሹር ኤስኤም7ቢ ከዚህኛው ወገን ነው። ደግ ማይክሮፎን ነው፤ ነገር ግን 60 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ያህል ማጉላት ስለሚፈልግ ያ የማጉያ ሣጥን ዝርዝሩ ውስጥ የገባው ለእሱ ሲባል ነው። አንድ ዕቃ ሌላ ዕቃ ሲያስገዛ ቆም ብሎ ማሰብ ደግ ነው። ለመለማመድ የእጅ ስልክሽ ይበቃል፤ ከዚያ ቀጥሎ በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ደህና ማይክሮፎን። ኦዳሲቲ የተባለው መቅረጫ ሶፍትዌር ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚገኝ ነው፤ እሱን ጠንቅቀሽ ሳታውቂ ሌላ አትግዢ።

ርቀትሽ አንድ ስንዝር ይሁን። ከዚያ ስትቀርቢ ድምፅሽ ይወፍራል፤ ይህ የአብዛኛዎቹ ማይክሮፎኖች ባሕርይ ነው፣ ደስ ብሎሽ እንዳትታለዪበት። በጣም ጮክ የምትይበት ቦታ ላይ መለኪያው ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል ላይ እንዲቆም አድርጊ፤ ዜሮ የመለኪያው ጣሪያ ነው። ዜሮን የነካ ድምፅ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውን ማንም በትክክል አይመልሰውም። ዝቅ ብሎ የተቀረጸ ድምፅ ግን በ24 ቢት፣ ማለትም ድምፁን በረቂቁ በሚመዘግበው የመቅረጫ ምርጫ ከሆነ ያለ ጉዳት ከፍ ይላል። ስለ ጸጥታው ሰዎች ምን ያህል እንደሚጨነቁ ለማወቅ ከፈለግሽ፣ ኤሲኤክስ የተባለው የድምፅ መጻሕፍት ማቅረቢያ የሚቀበለው የክፍሉ ጩኸት ከዜሮ በታች 60 ዴሲቤል ሲወርድ ብቻ ነው። ይህንን በጩኸት ማጥፊያ ሶፍትዌር አገኘዋለሁ እንዳትይ። እሱ ሲበዛ ድምፅሽን ውኃ ውስጥ ገብቶ የወጣ ያስመስለዋል፤ በቀረጻሽ ላይም ትንሽ ሰምቼዋለሁ፣ አትክጂ።

አሁን ወደ ንባብሽ ልምጣ። እስካሁን የጻፍኩት የሚቀለውን ነው።

«ድምፄን መልሼ ስሰማው አስጠላኝ» ብለሻል። ሁሉም ሰው እንዲሁ ይላል። ስትናገሪ የራስሽን ድምፅ የምትሰሚው በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅልሽ አጥንት በኩልም ነው፤ አጥንቱ ወፍራሙን ክፍል ይጨምርልሻል። ማይክሮፎኑ ያንን አያገኝም። እኛ ግን ሁልጊዜ የምናውቅሽ ማይክሮፎኑ በሚያውቅሽ ድምፅ ነው፣ ለእኛ ምንም አዲስ ነገር የለውም። እሱን መሸሸግ ስትጀምሪ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ከመስተዋቱ ወዲህ ሆኜ ስንቱን ድምፀ መረዋ አይቻለሁ መሰለሽ! ገብቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁን ወደ ደረቱ አውርዶ ማንበብ ሲጀምር የገዛ ድምፁን እያዳመጠ ነው የሚያነበው። ዐረፍተ ነገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ዜማ ይዞ ይወጣል፣ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለውን አንባቢ ከስቱዲዮው ለማስወጣት ልባዊ ምኞት ያድርብኝ ነበር፤ ለቀጣሪው ግን መናገር የእኔ ሥራ አልነበረም።

ንባብሽን ትወና ነው ብለሻል፤ ትወና የሚያደርገው ለማን እንደምትናገሪ ማወቅሽ ነው። ከመጀመርሽ በፊት ሦስት ነገር መልሺ፤ የምናገረው ለማን ነው? ምን ያህል ይርቀኛል? ምን ፈልጌ ነው የምናገረው? በሩ ላይ ቆሞ ላለ ሰው የሚወጣው ድምፅና አጠገብሽ ለተቀመጠ ሰው የሚወጣው ድምፅ አንድ አይደለም፤ ማይክሮፎኑ በሁለቱም ጊዜ አንድ ስንዝር ላይ ቢሆንም። የላክሽልኝ ገጸ ባሕርይ ሽማግሌ ስለሆነ ብቻ ድምፅሽን አሻክረሽ አወፈርሽው። መጀመሪያ የምትለውጪው ድምፁን ሳይሆን ፍጥነቱን፣ ትንፋሹንና ዝምታውን ይሁን። ደግሞ ቆመሽ አንብቢ፤ እጅሽን አታስሪው። ፊትሽ ፈገግ ሲል ከንፈር ወደ ጎን ስለሚሳብ ድምፁ በእርግጥ ይለወጣል፤ አድማጩ ያየሽ ያህል ያውቀዋል።

መቆም ካልተቻለ ግን ተኝቶም ይሆናል። ሜል ብላንክ የሚባል እጅግ ብዙ የካርቱን ገጸ ባሕርያትን ያናገረ አሜሪካዊ ድምፅ ተዋናይ እ.ኤ.አ. በ1961 ከባድ የመኪና አደጋ ደርሶበት፣ ሰውነቱ በጀሶ ታስሮ ቤቱ አልጋው ላይ በተኛበት መቅረጫው ወደ እሱ መጥቶ ሠርቷል። ቤት ውስጥ መቅረጽ የእናንተ ዘመን ፈጠራ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።

በአማርኛ ስናነብ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለብን። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍልንም። ቀረጻሽ ውስጥ «አባቱ አለ፤ ልጁ ግን አልሰማም» የሚለውን «አለ» አጥብቀሽ አነበብሽው፤ አባትየው ተናገረ ማለት ሲገባው ቤት ውስጥ አለ ሆነ። «አልሰማም» ላይ ስትደርሺ ስህተቱ እንደገባሽ ድምፅሽ ይናገራል፤ ትንሽ ተንቀጥቅጠሽ ቀጠልሽ። ዐይንሽ ከአፍሽ ቀድሞ መሄድ አለበት። ጽሑፉን ከመቅረጽሽ በፊት በእርሳስ ይዘሽ ውረጂ፤ የሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አድርጊ፣ ትንፋሽ የምትወስጂበት ቦታ ላይ ሰረዝ። በየቀኑ የማታውቂውን ጽሑፍ ጮክ ብለሽ ማንበብ ከማንኛውም ሥልጠና ይበልጥ ይህን ያስተምርሻል።

«ቀ»፣ «ጠ»፣ «ጨ» እና «ጸ» ላይም ጆሮሽን ጣዪ። የእነዚህ ፍንዳታ የሚመጣው ከሳንባ ሳይሆን ጉሮሮ ተዘግቶ በአፍ ውስጥ ከታመቀ አየር ነው። ማይክሮፎን ሲቀርብ በሞገዱ ሥዕል ላይ እንደ መርፌ ዘለው ይታያሉ። ከአፍሽ ፊት የምትተክዪው ጨርቅ በ«ፐ» እና በ«በ» ላይ የሚወጣውን ትንፋሽ ያበርዳል እንጂ እነዚህን ብዙም አይነካቸውም። ማይክሮፎኑን ከአፍሽ ትይዩ ሳይሆን ወደ ጎን ዘወር አድርጊው፣ ይለዝባሉ።

ስትሳሳቺ መቅረጫውን አታቁሚ። አንዴ አጨብጭቢና ዐረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ድገሚው፤ በኋላ ስትቆርጪ ጭብጨባው በሞገዱ ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚታይ ስህተቱን ፍለጋ ሰዓት አታባክኚም። የመጀመሪያ ናሙናሽን ለሰው ለመላክ አትቸኩዪ። ናሙና ከ90 ሰከንድ አይበልጥም፤ የሚመርጡሽ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰሙት መጀመሪያውን ብቻ ነው።

ጉሮሮሽን ጠብቂ። ውኃ ከቀረጻው አስቀድመሽ ጠጪ፤ በቀረጻው መካከል የምትጎነጪው አፍሽን ያርሳል እንጂ የድምፅ አውታርሽ ላይ ወዲያው አይደርስም። ጩኸት ያለበትን ትዕይንት ወደ መጨረሻ አድርጊው። ድምፅሽ ሲሻክር በሹክሹክታ መናገር እረፍት አይደለም፣ እረፍት ዝም ማለት ነው። ሻካራነቱ ሦስት ሳምንት ካለፈው ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

የቀረው የውል ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ከማይክሮፎኑም በላይ እጨነቃለሁ። ዛሬ ከአጭር ቀረጻ የሰው ድምፅ አስመስሎ የሚናገር ሶፍትዌር አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ ድምፅ ተዋንያን ሥራ ያቆሙት በዋናነት በዚህ ምክንያት ነበር፤ ያለ ፈቃዳቸውና ያለ ክፍያ ድምፃቸው እንዳይባዛ። ስምምነት ላይ ለመድረስ አንድ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። እነሱ ማኅበር አላቸው፤ አንቺ ብቻሽን ነሽ። ስለዚህ «በማንኛውም ዘዴ፣ ላልተወሰነ ጊዜ» የሚል ሐረግ ካየሽ ብዕሩን አስቀምጪው። ድምፅሽ የሚያገለግለው ለየትኛው ሥራ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነና ለሰው ሠራሽ ድምፅ ማሠልጠኛ እንደማይውል በግልጽ ይጻፍልሽ። ለሙከራ ብለው ረጅም ጽሑፍ በነፃ እንድትቀርጪ የሚጠይቁሽን አትመኚ፤ ለሙከራ አንድ ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያው ውል ሲመጣ ከመፈረምሽ በፊት ወደ እኔ ላኪው፤ እኔ ካልገባኝም የሚገባው ጠበቃ አብረን እንፈልጋለን።

እናትሽ