ልጅሽ ቦርጭ የላትም

ውዴ እንዴት ነሽልኝ፣ ቤቱስ ልጆቹስ ሁሉ ሰላም? ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠፍቼ ድንገት ረጅም ደብዳቤ ይዤ ስመጣ ምን እንደምትይ አውቃለሁ፣ በይ ስደቢኝ፣ ግን አንቺም ብትሆኚ ከ«አለሽ?» ያለፈ ነገር ጽፈሽልኝ አታውቂም ስለዚህ ተቻችለናል። የኔን ወሬ በስልክ እናወራዋለን፣ እናቴ ደህና ናት፣ እኔ ያው አሁንም ልጆች ሩጫ አሰለጥናለሁ፣ ጉልበቴ ከኔ በፊት ጡረታ ወጥቷል፣ በቃ ይሄው ነው።

አሁን የምጽፍልሽ በቮይስ ስለላክሽልኝ ነገር ነው። ደጋግሜ ሰማሁት። ሁለት ነገር ነው ያልሽው፣ አንደኛው ልጅሽ ከእምብርቷ በታች ያለው ስብ አልሄድ ብሏት ማታ በሯን ዘግታ ሲት አፕ የሚሉትን የሆድ ስፖርት እንደምትሰራ፣ ሁለተኛው ደግሞ በመሃል በመሃል ጣል ያደረግሽው፣ ካርብ (እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ የመሳሰሉትን) እንዳቆመች፣ እራት «በልቻለሁ» እንደምትል፣ የሩጫ ሰዓቷም ከአምናው እየባሰ እንደሄደ። አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ መጀመሪያው ነው፣ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሁለተኛው ነው። የላክሽልኝን የውድድሯን ቪዲዮም አየሁት። 16 ዓመቷ ነው፣ በሳምንት ስድስት ቀን ትሮጣለች፣ እና እውነቱን ልንገርሽ ቦርጭ የላትም። ያለችው ነገር ቁጭ ስትል የሚታጠፍ ቆዳና ትንሽ ስብ ነው፣ እሱ ደግሞ ሁሉም ሰው ላይ አለ፣ ካሜራ ፊት ሆዳቸውን ስበው የሚቆሙት ላይ ሳይቀር።

የሲት አፑን ነገር መጀመሪያ ልጨርሰው ቀላል ስለሆነ። አንድ ቦታን ነጥሎ ማክሳት የሚባል ነገር የለም። በ1971 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ) ተመራማሪዎች የቴኒስ ተጫዋቾችን ሁለት ክንድ ለክተው ነበር፣ ቴኒስ ተጫዋች እንግዲህ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ እጁ ነው የሚመታው፣ የሚሰራው ጡንቻ ላዩ ላይ ያለውን ስብ የሚያቀልጠው ቢሆን ኖሮ የሚመታበት እጁ ላይ ያለው ስብ መሳሳት ነበረበት። ጡንቻው ወፍሮ ተገኘ፣ ከቆዳው ስር ያለው ስብ ግን ከሌላኛው እጅ ጋር ምንም ልዩነት የለውም። በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሰዎችን ለስድስት ሳምንት የሆድ ስፖርት አሰርቶ የሆዳቸው ስብ ንቅንቅ አላለም፣ ሲት አፕ የመስራት አቅማቸው ብቻ ጨመረ። ጡንቻ ሲሰራ የሚጠቀመው ስብ በደም ዞሮ ከመላው አካል የሚመጣ ነው፣ ከየት ቀድሞ ይነሳ የሚለውን ዘርና ሆርሞን ነው የሚወስኑት እንጂ እሷ የመረጠችው ስፖርት አይደለም። ፕላንክ (በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) ትስራ፣ ለሩጫ ጥሩ ነው፣ ወገቧን ያጠነክረዋል፣ ግን ለዛ ብላ ትስራው።

ሌላው ደግሞ ሆድ ሁሉ ስብ አይደለም እኮ። ከወገቧ ወደፊት አጎንብሳ ነው የምትቆመው፣ ቪዲዮው ላይ ከውድድሩ በፊት ቆማ ሳለ አይቻታለሁ፣ ዳሌ ወደፊት ሲያዘነብል ቀጭን ሰው ራሱ ሆዱ የወጣ ይመስላል። ጠዋትና ማታም የአንድ ሰው ሆድ አንድ አይደለም፣ ምግብ አለ ውሃ አለ ጋዝ አለ፣ የወር አበባ ሲቃረብ ደግሞ መነፋት አለ። እሷ ማታ መስታወት ፊት ቆማ የምታየውን «ስብ» ጠዋት ብታየው ግማሹ የለም።

ደግሞ ዕድሜዋን አትርሺ። ሴት ልጅ ጉርምስና ላይ ስብ መጨመሯ የተፈጥሮ ስራ ነው። የሴት ሰውነት በትክክል እንዲሰራ የሚያስፈልገው ዝቅተኛው ስብ ከክብደቷ 12 ፐርሰንት አካባቢ ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው፣ የወንድ 3 ገደማ ነው፣ እና ያ ማለት ግብ ማለት አይደለም ወለሉ ነው፣ ጤነኛ ሯጭ ሴት ከዛ በደንብ በላይ ናት። 13 ዓመቷ ላይ ዱላ የመሰለች ልጅ 16 ላይ ዳሌና ጡት አውጥታ ለአንድ ሁለት ዓመት ሰዓቷ ባለበት ቢቆም ኖርማል ነው። እኔ የማሰለጥናቸው ሴት ልጆች ስንቶቹ በዚህ ጊዜ ሩጫ እንደሚተዉ ብታውቂ ታዝኛለሽ፣ ሰውነታቸው የከዳቸው ይመስላቸዋል፣ ትንሽ የታገሱት ደግሞ በኋላ ጠንክረው ይመጣሉ። በዛ ላይ የአጥንት ነገር አለ፣ ዕድሜ ልኳን የምትኖርበትን አጥንት አብዛኛውን የምትገነባው እስከ 18 እና 20 ባለው ጊዜ ነው፣ አሁን ያልተገነባ አጥንት በኋላ በመድኃኒት ይመጣል ብሎ ነገር የለም።

እና ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ሰውነት የሚኖረው ከምትበላው ላይ ሩጫው የሚወስደው ተቀንሶ በሚተርፈው ነው። ሩጫ በግምት ለአንድ ኪሎ ክብደት በኪሎሜትር 1 ካሎሪ ይወስዳል፣ ስለዚህ 50 ኪሎ የሆነች ልጅ 10 ኪሎሜትር ስትሮጥ 500 ሄደ ማለት ነው። ለቀረው፣ ማለትም ለልብ ለአእምሮ ለአጥንት ለሆርሞን፣ ስብ ባልሆነው ክብደቷ በኪሎ 45 ካሎሪ ገደማ ሲተርፍላት ጥሩ ነው ይላሉ፣ ከ30 በታች ሲወርድ ነገሮች መበላሸት ይጀምራሉ። ስብ ያልሆነው 40 ኪሎ ነው ብንል 1800 ሲደመር የሩጫው 500፣ ያውም ገና እያደገች ነው። አንቺ የነገርሽኝ ምግብ ተደምሮ እዛ አካባቢ የሚደርስ አይመስለኝም። (ይሄን ቁጥር ግን ለሷ እንዳትነግሪያት አደራ፣ ካሎሪ መቁጠር ከጀመረች ሌላ በሽታ ነው።)

ሲጎድል ሰውነት ምን ያደርጋል መሰለሽ፣ ወጪ ይቀንሳል። የወር አበባ ያቆማል፣ አጥንት መገንባቱን ያዘገያል፣ ጡንቻ መጠገኑን ይተዋል፣ ቁጭ ብላ የምታቃጥለውን ራሱ ይቀንሰዋል፣ ብርድ ብርድ ይላታል፣ ትነጫነጫለች፣ ጉንፋን አይለቃትም። ሚዛን ላይ ኪሎ ሊወርድ ይችላል ግን ከወረደው ውስጥ ጡንቻም አለበት፣ ለዛ ነው ከስታም ሆዷ ያው የሚመስላት፣ ያው ሲመስላት ደግሞ የባሰ ትቀንሳለች፣ ያኔ ነው ነገሩ የሚከረው። የዓለም ኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 ለዚህ ነገር ሬድ-ኤስ (በስፖርት የሚመጣ የኃይል እጥረት እንደማለት) የሚል ስም አወጣለት፣ ከዛ በፊት የሴቶች ብቻ ነው ተብሎ ነበር የሚታወቀው፣ ወንዶችንም ይጨምራል። ወንድ ልጅ የወር አበባ ስለሌለው ምልክቱ ቶሎ አይታይም እንጂ ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞኑ ይወርዳል፣ የእግሩ አጥንት ይሰነጠቃል። እኔ ጋ ሲክስ ፓክ ለማውጣት ብሎ እራት የተወ ልጅ ነበር፣ በጣም ጎበዝ ልጅ፣ አንድ ሙሉ ሲዝን በእግር አጥንት መሰንጠቅ ቁጭ አለ።

ሜሪ ኬይንን ታስታውሻታለሽ አይደል? አሜሪካዊቷ፣ በ2013 ሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና ላይ በ17 ዓመቷ 1500 ሜትር ፋይናል የገባችው። በ2019 ወጥታ ተናገረች፣ አሰልጣኞቿ ቅነሺ ቅነሺ ሲሏት፣ ሰው ፊት ሲመዝኗት፣ የወር አበባዋ ለሦስት ዓመት እንደጠፋና አምስት አጥንቷ እንደተሰበረ። ያን የመሰለ ተሰጥኦ! ሌላዋ አሜሪካዊት ሯጭ ሞሊ ሳይደል ደግሞ ከአመጋገብ ህመም ጋር ስትታገል ሩጫውን ትታ ህክምና ገባች፣ በኋላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ነሐስ አመጣች። ይሄን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም (ትንሽም ቢሆን ላስፈራራሽ ነው)፣ ከዚህ መመለስ እንደሚቻልም እንድታውቂ ነው።

አሁን የምትሰሪው። መጀመሪያ ሐኪም ጋ ውሰጃት፣ ስለ ሆዷ አይደለም፣ ስለ ድካሟና ስለ ሰዓቷ በይ። የወር አበባዋን በቀጥታ ጠይቂያት፣ ሦስት ወርና ከዛ በላይ ከቀረ «ሯጭ ስለሆነች ነው» የሚል ሰው አትስሚ፣ ኮችም ይሁን ሐኪም። የብረት መጠኗን፣ ፌሪቲን የሚሉትን፣ ያዩላት። ሺኗ (የፊት ቅልጥሟ) ላይ ወይም እግሯ ላይ በጣት ሲነኩት አንድ ቦታ ነጥሎ የሚያማት ነገር ካለ ሩጫው ይቁም፣ ውድድር ቢኖርም።

ቤት ውስጥ ደግሞ፣ አትቀየሚኝ፣ ከአንቺ ይጀመር። እኔ እስከማውቅሽ መስታወት ካየሽ «ወይኔ ወፈርኩ» ሳትዪ አልፈሽ አታውቂም፣ ከልጅነታችን ጀምሮ። እሷ ደግሞ ትሰማለች። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2016 ባወጣው መመሪያ ቤተሰብ ስለ ክብደት ባያወራ፣ ልጆች ዳይት ባይይዙ፣ አብሮ ቁጭ ብሎ መብላት ቢለመድ ነው የሚሻለው ይላል፣ ሲያመሰግኗትም ቢሆን «ከሳሽ አማረብሽ» አይባልም። ሚዛኑን ከቤት አውጪው። ከልምምድ በፊት ትንሽ ካርብ፣ ከልምምድ በኋላ ሳትቆይ ደህና ምግብ፣ ያቆመችውን ሁሉ መልሺ ግን ሳትለማመጪና ሳትቆጪ፣ ጠረጴዛው ላይ ይኑር እናንተም ብሉ። ስልኳ ላይ የምታያቸው ሆዶች በመብራት፣ በመወጠርና ውሃ ባለመጠጣት የተሰሩ መሆናቸውን አንድ ጊዜ ንገሪያት፣ ስብከት አታድርጊው።

እንቅልፍ! ረስቼው ነበር። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል መተኛት ነው የሚመከረው፣ እሷ ሌሊት ሲት አፕ ላይ ናት። በ2010 የወጣ አንድ ትንሽ ጥናት ላይ ዳይት የያዙ ትልልቅ ሰዎች ትንሽ ሲያስተኟቸው ያው ያህል ኪሎ ቀነሱ፣ የሄደው ግን ስቡ ሳይሆን በብዛት ጡንቻው ነበር። ትተኛ በቃ።

አንቺ ጎግል ማድረግሽ ስለማይቀር ልቅደምሽ፣ የሆድ ስብ አደገኛ ነው የሚለው እውነት ነው፣ ግን እሱ ጉበትና አንጀት ዙሪያ የሚከማቸው የውስጡ ስብ ነው፣ እንደኔና እንዳንቺ ዓይነት ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው ይስጋበት። ወገብ ከቁመት ግማሽ በታች ከሆነ ደህና ነው ይባላል፣ እሷ በዓይን ብቻ ከዛ በጣም በታች ናት፣ ሜትር ይዘሽ እንዳትሄጂባት።

ኮቿን ደግሞ አነጋግሪው፣ ልጆቹን ይመዝናቸዋል ወይ፣ ሰው ፊት ነው ወይ፣ ስለ ክብደት ምን ይላል። መልሱ ካልተመቸሽ ሌላ ቦታ ትሩጥ፣ ሩጫ የትም አለ።

እኔም እደውልላታለሁ። ስለ ሆዷ አንድ ቃል አላነሳም፣ ስለ 1500ው ነው የማወራት፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ታነሳለች፣ እሱ ደግሞ ቶሎ የሚስተካከል ነገር ነው። ቁጥሯን ላኪልኝ፣ የሐኪም ቀጠሮውም መቼ እንደሆነ ጻፊልኝ።