ዳኞቹ አምስቱንም አይተዋል ያላችሁ ማን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት በመዝናኛ ገጻችሁ ላይ ስለ ኦስካር የአኒሜሽን ሽልማት፣ «ፍሎው» የተባለው ፊልም ስለማሸነፉና በውጤቱ ስለተከፉ አድናቂዎች ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። አንዴ ለብቻዬ፣ አንዴ ለልጄ ጮክ ብዬ፣ አንዴ ደግሞ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ።

ብዙውን ነገር ልለፈው እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አላሳልፍ አለኝ። «አምስቱንም ፊልሞች አይተው የፈረዱት ዳኞች ውሳኔ፣ ለአንዳንድ ስሜታዊ ወጣቶች አልተዋጠላቸውም» ይላል። ዘጋቢያችሁ ይህን ከየት አመጡት? ዳኞቹ አምስቱንም አይተዋል ያላቸው ማን ነው?

ኦስካር ላይ የሚፈርዱት እንደ ችሎት ተሰብስበው የሚቀመጡ ሦስት ወይም አምስት ሰዎች አይደሉም። ሽልማቱን የሚሰጠው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ አባላት ናቸው። ተዋናይ አለ፣ የድምፅ ባለሙያ አለ፣ ልብስ የሚያዘጋጅ አለ። በመጨረሻው ዙር ሁሉም በአኒሜሽን ዘርፍ ድምፅ መስጠት ይችላሉ። የ2017 ዓ.ም. ድምፅ ሲሰጥ፣ በዚህ ዘርፍ አምስቱንም ዕጩዎች ያላየ አይምረጥ የሚል ደንብ አልነበረም። ደንቡ ይፋ የሆነው ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። የፋሲካ ማግስት። ሽልማቱ ከተሰጠ ሰባት ሳምንት ካለፈ በኋላ። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ በአንድ ዘርፍ የመጨረሻ ድምፅ የሚሰጥ አባል፣ በዚያ ዘርፍ የታጩትን ሁሉ ማየት አለበት ተባለ።

ልብ በሉልኝ፤ አላዩም አላልኩም። ያየ ብዙ ሰው ይኖራል። እኔ የምለው፣ ማየት ግዴታ ባልነበረበት ዓመት «አምስቱንም አይተው ፈረዱ» ብሎ እንደተረጋገጠ ነገር መጻፍ ስህተት ነው። ሁሉም አይተው ቢሆን ኖሮ ደንብ ማውጣት ለምን ያስፈልግ ነበር? ስህተቱ ደግሞ ዝም ብሎ የቁጥር ስህተት አይደለም። የተከፋነውን ሰዎች አላዋቂ ያደርገናል። እነሱ አይተው የፈረዱ፣ እኛ ሳናይ የጮህን።

እኛ እኮ አይተናል።

ጎንደር አራዳ ውስጥ ትንሽ የልብስ ስፌት ሱቅ አለችኝ። የሐበሻ ቀሚስ ነው የምሠራው፣ ጥልፉንም ስፌቱንም። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስልኩን ከስፌት መኪናዬ ጋር አስደግፎ ያቆመዋል። እሱ መስመር በመስመር ይተረጉምልኛል፣ እኔ እየጠለፍኩ አያለሁ። አምስቱን ዕጩዎች የጨረስናቸው እንደዚህ ነው። «ዘ ዋይልድ ሮቦት»፣ «ፍሎው»፣ «ኢንሳይድ አውት 2»፣ የዋላስና የግሮሚት አዲሱ ፊልም፣ «ሜሞር ኦፍ ኤ ስኔይል» ማለትም የቀንድ አውጣ ማስታወሻ። መብራት ሲጠፋ ባትሪው እስኪያልቅ እናያለን። የቀረውን በነጋታው።

የመጨረሻውን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዘገባችሁ ዘርፉን «የልጆች ፊልም ሽልማት» ብሎታል። ፊልም በፍላሽ የሚጭንልኝ ልጅም እንደናንተ ነው የሚያስበው። የቀንድ አውጣዋን ፊልም ስጠይቀው «ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» አለኝ። እኔም ካርቱን ነው ብዬ ከልጄ ጋር ቁጭ አልኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩን ከፊቱ አነሳሁት። ያ ፊልም በሸክላ አሻንጉሊት የተሠራ የአውስትራሊያ ፊልም ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ሲኒማ ገብቶ አያየውም። ለብቻዬ ሆኜ ጨረስኩት። ሐዘኑ የአዋቂ ሐዘን ነው። ሰዎቹ ያንን ሸክላ በእጃቸው እየነኩ፣ ፎቶ እያነሱ፣ እንደገና ትንሽ እየነኩ ነው የሠሩት። ጥልፍ የምጠልፍ ሰው ነኝና የእጅ ሥራ ሳይ አውቀዋለሁ። የዘርፉ ስም «ምርጥ የአኒሜሽን ፊልም» ነው። ልጅ የሚል ቃል የለበትም። እናንተ ስትጨምሩበት እንደኔ ያለች አሳዳጊ ትሳሳታለች።

አሁን ወደ ተከፋንበት ነገር ልመለስ። እኔና ልጄ የ«ዘ ዋይልድ ሮቦት» ደጋፊዎች ነበርን። ምክንያቴን ለመናገር ስለ ራሴ ትንሽ ማለት አለብኝ።

ልጄ የምለው የእህቴን ልጅ ነው። እህቴ ስታርፍ ክርስትና ሊነሳ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። እኔ 29 ዓመቴ ነበር። አላገባሁም፣ አልወለድኩም፣ ጡጦ እንዴት እንደሚያዝ እንኳን አላውቅም ነበር። ያለቀሰ ቁጥር አብሬው ነበር የማለቅሰው። ይኸው አሁን 14 ዓመቱ ነው።

ፊልሙ ደግሞ ማዕበል ሰው የሌለበት ደሴት ላይ ስለጣላት ሮቦት ነው። ሳታስበው የዝይ ጎጆ ላይ ወድቃ አንዲት እንቁላል ብቻ ትተርፋለች። ከእንቁላሉ የወጣው ጫጩት እናቴ ብሎ ይከተላታል። ክረምቱ ሳይመጣ መብላት፣ መዋኘትና መብረር ልታስተምረው ይገባል። ሮቦቷ እናት ለመሆን አልተሠራሁም የምትልበት ቦታ ላይ ልጄ ተረጎመልኝና ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። እጄ ግን ሥራውን ቀጥሎ ነበር። ቀና ስል የአንድ ሙሽራ ቀሚስ ጥልፍ መስመሩን ስቶ ወደ ጎን ሄዷል። አንድ ስንዝር ያህል ተርትሬ እንደገና ጠለፍኩት። ጫጩቱ አድጎ ከመንጋው ጋር ሲበር፣ እሷም ከኋላው ገደል ጫፍ ድረስ ስትሮጥ ግን መርፌውን አስቀመጥኩ። ልጄ ሳያየኝ ፊቴን በነጠላዬ ጠረግሁ።

የሮቦቷ ድምፅ የማን እንደሆነ ዘገባችሁ አልጻፈም። የሉፒታ ንዮንጎ ነው። የጎረቤታችን የኬንያ ልጅ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ራሷ ኦስካር የወሰደች። የአሜሪካ ተዋንያንን ስም በየመስመሩ የደረደረ ጽሑፍ እሷን እንዴት ይዘላል? ከአፍሪካ ቀንድ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ያደገች ሴት ድምፅ ያን ሁሉ ሰው አስለቅሶ፣ ለእኛ ለጎረቤቶቿ በሚጻፍ ጋዜጣ ስሟ አይነሳም?

ሌላም የተዘለለ አለ። ፊልሙ በአኒ ሽልማት 9 ዘርፎችን አሸንፏል፤ ምርጥ ፊልምንና የሉፒታን የድምፅ ትወና ጨምሮ። አኒ ማለት የአኒሜሽን ሙያ የራሱ ሽልማት ነው። በኦስካር በሦስት ዘርፍ ታጭቶ፣ በፊልሙ በሙዚቃውና በድምፁ፣ አንዱንም ሳያገኝ ቀረ። ጎልደን ግሎብ የሚባለው ሌላው የአሜሪካ ሽልማት ለ«ፍሎው» ሰጠ። ባፍታ የሚባለው የእንግሊዝ የፊልም ሽልማት ደግሞ ለዋላስና ግሮሚት። ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ውጤት ማለት ነው። እና «ሁሉም ባለሙያ የተስማማበት አሸናፊ» የምትለዋ አገላለጻችሁ ከየት መጣች?

የዚያን ሌሊት ነገር ልንገራችሁ፣ ስሜታዊ ያላችሁን እኛን ነውና። እሑድ ነበር፣ የካቲት 23፣ የዓድዋ ቀን። ዝግጅቱ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው የጀመረው። ልጄ በጊዜ ተኝቶ ልቀስቅሰው ተስማምተን ነበር፤ እሱ ግን ጭራሽ አልተኛም። ቡና አፈላሁ። ዳታው ይሄዳል ይመጣል። የአኒሜሽኑ ሽልማት ደግሞ ቶሎ ደረሰ፣ በሌሊቱ ሁለተኛው ዘርፍ ነበር። «ፍሎው» ሲባል ልጄ ስልኩን ምንጣፉ ላይ በፊቱ ደፋው። «እማዬ፣ ደበረኝ» አለ። «እኔንም» አልኩት። ትንሽ ተቀመጥን። ሰኞ ጠዋት እሱ ትምህርት ቤት ሄደ፣ እኔ ሱቄን ከፈትኩ። ማንንም አልሰደብንም። ተሰረቅን ብለን አልጮህንም። መከፋትና መሳደብ አንድ አይደሉም፤ ዘገባችሁ ግን አንድ ላይ ጠቅልሎ አሰራቸው።

ስለ አሸናፊው ደግሞ እውነቱን መናገር አለብኝ። «ፍሎው» ድንቅ ፊልም ነው። ከሱቄ አጠገብ ሽንኩርት የሚሸጡ እናት አሉ፤ ፈረንጅ ፊልም አይተው አያውቁም። ዓለም በውሃ ስትሞላ፣ አንዲት ድመት ከሌሎች እንስሳት ጋር ጀልባ ላይ ስትወጣ ሲያዩ «የኖኅ መርከብ ናት» አሉና ከጎኔ ተቀመጡ። ልጄ መተርጎም አላስፈለገውም። እስከ መጨረሻው «ድመቷ ትድናለች?» እያሉ ነበር። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ሥር ቆሞ፣ ከላይ የሚያዩትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብሎ እያየ ላደገ ሰው፣ ሥዕል ያለ ቃል እንደሚናገር ማስረዳት አያስፈልግም።

ፊልሙን «ድምፅ አልባ» ማለታችሁ ግን ይህም ስህተት ነው። ንግግር የለውም እንጂ ድምፅ ሞልቶታል። ድመቷ፣ ውሻው፣ ሁሉም የእውነተኛ እንስሳት ድምፅ ነው የተቀረጸላቸው። ካፒባራ የሚባለው ትልቁ የአይጥ ዘመድ የራሱ ድምፅ ቀጭን ሆኖ አልስማማ ሲል የግመል ግልገል ድምፅ ነው የሰጡት። እንዲህ የተለፋበትን ድምፅ በአንድ ቃል አጠፋችሁት።

ደግሞም ለኛ አገር ልጆች ትልቁ ዜና እዚያ ነበር። ፊልሙን የሠራው ሰው ላትቪያዊ ነው። ሕዝቧ 2 ሚሊዮን የማይሞላ አገር ናት፤ ኦስካር ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚህ በፊት የሠራውን ረጅም ፊልም ብቻውን ነው የሠራው። ይህንኛውን ከጥቂት ሰዎች ጋር፣ ብሌንደር በሚባል ሶፍትዌር። ብሌንደር በነፃ የሚገኝ ነው፤ ጎንደርም፣ አዘዞም፣ ማራኪም ያለ ልጅ ሊያወርደው ይችላል። ልጄ ይህን ሲሰማ ከክፍል ጓደኛው ወንድም ኮምፒውተር ላይ ጫነው። በሦስተኛው ቅዳሜ አንዲት ቀይ ኳስ ደረጃ ለደረጃ እየነጠረች ስትወርድ አሳየኝ። አራት ሴኮንድ ናት። አሥር ጊዜ አስደጋግሜ አየኋት። እናንተ ግን ይህን ሁሉ ትታችሁ ስለ ተዋናዮቹ ልብስ ሁለት አንቀጽ ጻፋችሁ።

የመጨረሻው ቅሬታዬ ይህ ነው። «በአገራችን ውጤቱን የተከታተሉት ጥቂት የአዲስ አበባ ወጣቶች ናቸው» ብላችኋል። እኔ 43 ዓመቴ ነው፣ ጎንደር ነው የምኖረው። ሱቄ ውስጥ ፊልሞቹን ያዩ ሰዎች ልቁጠርላችሁ፤ እኔ፣ ልጄ፣ ሁለት ጓደኞቹ፣ ባለ ሽንኩርቷ እናት፣ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ ሳትለካ የቀረች ሙሽራ። ዘጋቢያችሁ ጎንደር ድረስ ይምጡ አልልም። ስልክ አለ። አንድ ሰው እዚህ ደውለው ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ያ ዓረፍተ ነገር አይጻፍም ነበር። እዚህ ጎንደር ከፒያሳ እስከ አራዳ ያለው ሰው ፊልም አያይም የሚል ግምት ስላለ ነው ያልተጠየቅነው። ይህ ደግሞ ከሽልማቱ ውጤት በላይ ከፍቶኛል።

ስለዚህ የምጠይቀው እርማት ነው። ዳኞቹ አምስቱንም አይተዋል የሚለው እንዲታረም። «የልጆች ፊልም» የሚለው እንዲታረም። «ድምፅ አልባ» የሚለው እንዲታረም። ቦታ ከጠበባችሁ የመጀመሪያውን ብቻ አርሙልኝ።

የምታወጡበትን ቀን ብታሳውቁኝ ደስ ይለኛል፤ ጋዜጣው ጎንደር ሲደርስ ቶሎ ያልቃል። ልጄ ዘገባችሁን በመቀስ ቆርጦ ደብተሩ ላይ ለጥፎታል። ከጎኑ ለእርማቱ የሚሆን ቦታ በእርሳስ አስምሮ ትቷል።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የልብስ ስፌት ባለሙያ
ጎንደር፣ አራዳ