ከፔዳሉ በፊት ማይኩ ይስተካከል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ትንፋሽ መሣሪያዎች በተጻፈ ቁጥር የሚደጋገም አንድ ሐሳብ አለ፤ ኪቦርድ ሲመጣ ትራምፔትና ሳክስፎን ከመድረክ ወረዱ የሚል። ያው ኤሌክትሮኒክስ ዛሬ አንድን ትራምፔት ያለ ባንድ መድረክ ላይ ሊያቆመው እንደሚችል ግን እምብዛም አይነገርም። ይህን የምንጽፈው ሉፐር (የተነፋውን ቀድቶ እየደጋገመ የሚያሰማ፣ በእግር የሚታዘዝ ፔዳል፤ የሚደጋገመው ቅጂ ሉፕ ይባላል) ገዝተው ድምፁ አልጥም ስላላቸው ወደ ሣጥኑ ለመለሱት ወጣት ተጫዋቾች ነው።

መንገዱ የቆየ ነው። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ቴሪ ራይሊ በ1963 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የትራምፔተኛውን የቼት ቤከርን ቡድን ቀድቶ፣ አንዱን ቴፕ በሁለት ማሽኖች መካከል ዘርግቶ፣ ድምፁ በራሱ ላይ እየተደራረበ እንዲመለስ አደረገ። በኋላም አሜሪካዊው ትራምፔተኛ ጆን ሃሰል ትራምፔቱን በሃርሞናይዘር (በአንዱ ድምፅ ላይ ሌላ ከፍታ ያላቸውን በሚጨምር መሣሪያ) እያሳለፈ የአንድ ሰው ትንፋሽ እንደ ኅብረት ዜማ እንዲሰማ አድርጓል። ያን ጊዜ ስቱዲዮ የሚጠይቀው ሥራ አሁን በሦስትና በአራት ፔዳል ያልቃል።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከማይኩ ነው። ፔዳሎቹ የተሠሩት ለጊታር ሲሆን የማይክ ሲግናል ከጊታር ያነሰ ነው። ማይኩን በመቀየሪያ ጃክ ቀጥታ ፔዳል ላይ የሰካ ሰው ቀጭን ድምፅና ሹሹታ ይተርፈዋል። ርካሹ መፍትሔ ትንሽ ሚክሰር ነው። ማይኩ ቻናል 1 ላይ ይሰካል፤ ሹር ኤስኤም57 በቂ ነው፣ አንዳንድ ማይክ ከሚክሰሩ የሚፈልገውን 48 ቮልትም አይፈልግም። ከአውክስ መውጫ (የቻናሉን ድምፅ ለብቻው ወደ ውጭ ከሚልከው) ወደ መጀመሪያው ፔዳል ይሄዳል፣ ከመጨረሻው ፔዳል ደግሞ ወደ ቻናል 3 የላይን መግቢያ ይመለሳል። የቻናል 3 አውክስ ግን ፈጽሞ ዜሮ መሆን አለበት፤ ጥቂት እንኳ ከተከፈተ ድምፁ ወደ ራሱ ተመልሶ ይጮኻል። የሚክሰር ሲግናል በተራው ለፔዳል ይበዛል። ስለዚህ የቻናል 1ን አውክስ ከሩብ ጀምሮ፣ በጣም ጠንካራውን ኖት እየነፉ ቀስ በቀስ መጨመር፣ መሰነጣጠቅ ሲጀምር መለስ ማድረግ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላም አለ። ንጹሑ ድምፅ በቻናል 1ም በፔዳሎቹም በኩል ከወጣ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ልዩነት ድምፁን በቧንቧ ውስጥ ያለፈ ያስመስለዋል። አውክሱን ፕሪ ፌደር (ከድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው፣ ከፌደሩ፣ በፊት የሚወስድ) አድርጎ የቻናል 1ን ፌደር ማውረድ ይበቃል። ማይኩ ድምፁ ከሚወጣበት ከትራምፔቱ ሰፊ አፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ከመሐል ወደ ጎን ትንሽ ይዙር። በሹክሹክታ መጠን ለሚነፋ፣ አየሩ ከኖቱ እኩል እንዲሰማ ለሚፈልግ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ይሻላል።

የፔዳሎቹ ቅደም ተከተል ኦክታቭ (ያንኑ ኖት በላይኛው ወይም በታችኛው ኦክታቭ የሚጨምር)፣ ዲሌይ (ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ የሚመልስ)፣ ሉፐር፣ መጨረሻ ላይ ሪቨርብ (የአዳራሽ ማስተጋባት የሚሰጥ) ቢሆን እንመርጣለን። ኦክታቭ ንጹሕ ነጠላ ድምፅ ስለሚፈልግ ይቅደም። ሪቨርብ ከሉፐር በፊት ከገባ ጭራው (እየደከመ የሚቀረው ማስተጋባት) ሉፑ በሚዘጋበት ቦታ ይቆረጥና ስፌቱ በየዙሩ ይሰማል። የዲሌዩ ጭራም እንዳይቆረጥ ሉፐሩን ከቅጂ በቀጥታ ወደ መደረብ እንዲሻገር ማስተካከል ይቻላል፤ ያኔ ጭራው በሉፑ መጀመሪያ ላይ ይቀዳል። እግር ደግሞ ኖት እየተነፋ ሳይሆን በትንፋሽ መካከል ይርገጥ።

ትራምፔት ሲሞቅ የድምፁ ከፍታ ይጨምራል፤ በውስጡ ያለው አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 3 ሴንት ያህል (ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው)። የመጀመሪያው ንብርብር በቀዝቃዛ መሣሪያ ከተቀዳ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚደረበው ሁሉ ከሱ ጋር ይጣላል፤ የተቀዳው ደግሞ አይቃናም። አስቀድሞ 15 ደቂቃ መንፋት፣ ከዚያ መቃኘት ነው። ከክራር ወይም ከማሲንቆ ጋር ለሚጫወት፦ የተለመደው ትራምፔት ቢ ፍላት ስለሆነ የሱ ዶ ለእነሱ ቢ ፍላት (በዶ ሬ ሚ አጠራር ሲ ፍላት) ነው። በነሱ ዶ ለመጫወት ከሬ መጀመር አለበት።

ቅኝት ላይ መዘግየት ያስፈልጋል፤ ውበቱም አደጋውም እዚያ ነው። ትዝታ ሜጀር (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ግማሽ ድምፅ ስለሌለበት አምስቱም ኖቶች አንድ ላይ ቢደራረቡ አይጋጩም፤ ለጀማሪ ከሱ የተሻለ የለም። አንቺሆዬ ውስጥ ዶና ሬ ፍላት፣ ፋና ሶል ፍላት ጎን ለጎን ናቸው፤ አምስቱን ሉፕ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ከሦስተኛው ንብርብር በኋላ ቅኝቱን ራሱን አይሰማም። ለአንቺሆዬ ሉፑ ዶን ብቻ ይያዝ፣ ቢበዛ በታችኛው ኦክታቭ ይደገም፤ ዜማው ከላይ በቀጥታ ይነፋ፣ ዲሌዩም ይቀነስ። አምባሰልም ይህንኑ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ንብርብር ከአምስት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከ200 እስከ 400 ኸርዝ ያለው ይጠራቀምና ድምፁ ይደፈርሳል። በየዙሩ የቆየውን የሚቀንስ ሉፐር ካለ 90 በመቶ ላይ ይደረግ፤ ከሰባት ዙር በኋላ አሮጌው ንብርብር ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ለአዲሱም ቦታ ይለቃል። ሁለት ሉፐር ያለው አንዱን 17፣ ሌላውን 23 ሰከንድ ቢያደርግ፣ ሁለቱ እኩል የሚጀምሩት በየ6 ደቂቃ ከ31 ሰከንዱ ነው፤ ሰሚው ድግግሞሹን አይለየውም።

መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሉፕ አብሮ ይጠፋል። ከፓወር ባንክ 9 ቮልት የሚያወጣ ገመድ ለአንድ ዝግጅት ያደርሳል፤ የፔዳሉ ፖላሪቲ (ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ በየት በኩል እንደሆነ) ግን አስቀድሞ ይታይ።

ትንፋሽ ለሚያስተምሩ መምህራን አንድ ጥያቄ አለን፤ ሉፐር ወደ ረጅም ድምፅ ልምምድ ይግባ። ተማሪው አንድ ኖት 10 ሰከንድ ይቅዳና በላዩ ያንኑ ይንፋ። በትራምፔቱ መካከለኛ ዶ ላይ 10 ሴንት ከሳተ ድምፁ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ ማንም ሳይነግረው ይሰማዋል፣ በከንፈሩም ያስተካክለዋል።

ከሁለት የትራምፔት ተጫዋቾችና ከአንድ የድምፅ ባለሙያ
አዲስ አበባ