መመሪያው ይቀየር፣ ግን ለኛም ይነገረን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ጤና ሳይንስ አስተምራለሁ፣ የተማሪ ፕሮፖዛል የሚያየው የኢቲክስ (የምርምር ሥነ ምግባር) ኮሚቴ ውስጥም አለሁበት። ስለ ምርምር ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው በጀት ነው፣ ልክ ነው በጀትም የለም፣ ግን ብዙ ሰው የማያነሳው ሌላ ራስ ምታት አለብን፦ ሕጉና መመሪያው ሲቀየር ለተመራማሪው የሚነግረው ማነው?

የውስጡን ለማያውቅ ላስረዳ። አንዱ ተማሪ ከገጠር ቀበሌ የደም ሳምፕል ልውሰድ ቢል ከዲፓርትመንት ይጀምርና ኢቲካል ክሊራንስ፣ ማለትም የኢቲክስ ኮሚቴ ፈቃድ፣ ያወጣል፣ ከጤና ቢሮ የትብብር ደብዳቤ፣ ከዚያ ወረዳ፣ ሳምፕሉ ውጭ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ሌላ ስምምነት። ይሄ ሁሉ ይሁን ግዴለም፣ ሰው ላይ ነው የምንሠራው። ችግሩ ቅጹ ሲቀየር የምንሰማው አንዱ ጓደኛችን ማመልከቻው ተመልሶበት ቴሌግራም ላይ ሲያማርር ነው።

ባለፈው አንዷ የማስተርስ ተማሪ ሳምፕሏ ላብ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ እያለ የኮንሰንት ፎርሙ (ተሳታፊው ፈቃደኛ ነኝ ብሎ የሚፈርምበት ቅጽ) ተቀይሯል፣ በአዲሱ አስፈርመሽ ነይ ተባለች። አጨዳ ላይ ነበር፣ ሰው በቤቱ አይገኝም። አንዲት እናት "ባለፈው አሻራዬን ሰጥቼ የለ እንዴ፣ ምን አጥፍቼ ነው ደግሞ የመጣሽው?" አሏት። እኛ ቢሮ ቁጭ ብለን የቅጽ ቁጥር ቀየርን እንላለን፣ እዚያ ቀበሌ ግን በምርምር ላይ ያለው እምነት ነው የሚጎዳው፣ ከሷ ቀጥሎ የሚሄደውም ተማሪ በር አይከፈትለትም።

ሌላም አለ። ያ የኮንሰንት ፎርም ላይ ቅሬታ ያለው ሰው የሚደውልበት ቢሮ ስም ይጻፋል። የምርምር ጉዳይ ግን መጀመሪያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ነበር፣ በ2011 ሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት የሚባል መጣ፣ በ2014 ደግሞ እሱም ትምህርት ሚኒስቴር ውስጥ ገባ። እስከ ዛሬ የሌለ መሥሪያ ቤት ስም የያዘ ቅጽ ኮሚቴያችን ጋ ይመጣል፣ ተማሪው ምን ያድርግ፣ ከሲኒየሩ ኮፒ ያደረገው ነው። በሰው ላይ ለሚደረግ የሕክምና ምርምር የሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫም እ.ኤ.አ. በ2024 ተሻሽሏል፣ ብዙዎቹ ፕሮፖዛሎች ግን አሁንም የ2013ቱን ነው የሚጠቅሱት።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁን እንውሰድ፣ 1321/2016። የጤና መረጃ በአዋጁ ልዩ ጥንቃቄ ከሚፈልጉት ነው፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የኛ ተማሪ ግን የታካሚ ስምና ስልክ ኤክሴል ላይ ሞልቶ በፍላሽ ይዞ ይዞራል፣ ሲብስም ጎግል ድራይቭ ላይ ይጭነዋል፣ አድቫይዘሩም ምንም አይለውም ምክንያቱም እሱም አልሰማም። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ወጥቷል ማለት ግቢ ደርሷል ማለት አይደለም።

የውጭውማ አይወራ። የጤና ምርምር ገንዘብ የሚሰጠው የአሜሪካው ተቋም ኤን አይ ኤች እ.ኤ.አ. ግንቦት 2025 በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ለውጭ አጋር የሚያልፈውን የምርምር ገንዘብ (ሰብአዋርድ) አዲስ አሠራር እስኪወጣ አዲስ አልሰጥም አለ። እንደዚህ ያለውን ነገር እዚህ ያለው ፒአይ (የጥናቱ ዋና ተመራማሪ) ከአጋሩ ኢሜይል ሲመጣለት ነው የሚያውቀው፣ ዳታ ሰብሳቢ ቀጥሮ ከጨረሰ በኋላ።

ቁጥጥር ይቅር እያልኩ አይደለም፣ እንደውም። የሆላንድ ኩባንያ በጤፋችን ዱቄት ላይ ፓተንት ይዞ ሄግ ያለው ፍርድ ቤት እስኪሽረው ምን ያህል እንደተጓተተ የሚያስታውስ ሰው የዕፅዋትና የእንስሳት ዘር ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድ የሚቆጣጠረውን የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ 482/1998ን አይጠላም፣ እኔም ሳምፕል በሻንጣ ይውጣ የሚል ሰው አይደለሁም።

የምጠይቀው ቀላል ነው። ማንኛውም መመሪያ ሲቀየር ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ ቀኑ ይጻፍበት፣ ቀድሞ ፈቃድ ያገኘ ጥናት በአሮጌው ይጨርስ ወይስ አሜንድመንት (የማሻሻያ ማመልከቻ) ያስገባ የሚለው በአንድ መስመር ይለይ፣ የተሳታፊን ደህንነት የሚነካ ለውጥ ካልሆነ በቀር አንዴ የፈረመን ሰው ድጋሚ አታስፈርሙ። አዲሱ ቅጽ ደግሞ ሁሉም የሚያየው አንድ ቦታ ላይ ይለጠፍ፣ አሮጌው ይነሳ። የየግቢው የምርምር ምክትል ፕሬዝዳንት ቢሮዎች ይሄን ለመሥራት አዲስ በጀት የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም፣ አንድ ሰው መመደብ ነው። መልስ የሚሰጥ ካለ ደግሞ እባካችሁ በቴሌግራም ሳይሆን በማህተም ይሁን።

ከኢቲክስ ኮሚቴ አባል
(ስሜ እንዳይወጣ)