የንባብ መተግበሪያ የሚሠሩ ሰዎች ከአቡጊዳ ቢጀምሩ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። በምሥራቅ ጎጃም የገጠርና የከተማ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ለ31 ዓመታት የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ፊደል ሳስቆጥር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ሰሞኑን በጋዜጣችሁ ላይ ሕፃናት በስልክና በታብሌት መተግበሪያ ንባብ እንዲለማመዱ የሚመክር ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ነገር ግን ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ሳይነሣ በመታለፉ ዝም ማለት አልቻልኩም። እስካሁን ከፍቼ ያየኋቸው የአማርኛ መተግበሪያዎች ፊደልን የሚያስተምሩት የእኛ ፊደል በሚሠራበት መንገድ አይደለም፤ ልጁ ፊደሉን እንዲዘምር ያደርጉታል እንጂ ወደ ንባብ አያደርሱትም።

የልጅ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት እናቷ በስልኳ የጫነችላትን መተግበሪያ ከፍታ፣ ከሀ እስከ ፐ ያለውን ሁሉ በዜማ እያለች ስትወጣ ቤተ ሰቡ በሙሉ ተደሰተ፤ እኔም ከሁሉም በላይ ተደሰትኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና እየቆላሁ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለ፣ በደብተሯ ጠርዝ ላይ ‹ሚ›፣ ‹ቡ›፣ ‹ሌ›፣ ‹ው› ብዬ ጻፍኩና አንድ በአንድ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየች። ከዚያም ‹እማዬ፣ ከሀ እንጀምርና ልንገርሽ› አለችኝ። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፤ የያዘችው ዜማውን ነበርና የዜማው መነሻ ሲጠፋባት መግቢያው በር ጠፋባት። በክፍል ውስጥም ይህን የመሰሉ ልጆች በየዓመቱ ያጋጥሙኝ ነበር፤ ገበታው ላይ ከተጻፈው ፊደል ፊት ቆመው ሲያስቆጥሩ አንበሳ የሆኑ፣ ሦስት ፊደል ያላት ቃል ስትሰጣቸው ግን ድምፃቸው የሚጠፋ ልጆች።

የቀድሞዎቹ የኔታዎች ይህን ችግር ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ልጁ ሀ ሁን ከግእዝ እስከ ሳብዕ ከቆጠረ በኋላ ወዲያው ወደ መጽሐፍ አይሻገርም፤ አቡጊዳ ይሰጠዋል። አቡጊዳ የለመደውን ተራ ይበትንበታል። ‹አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ› ሲል እያንዳንዱን ሆሄ ከየቤተ ሰቡ አውጥቶ ከማያውቀው ጎረቤት ጋር ያስቀምጠዋል፤ ቀጥሎ ደግሞ ‹በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ› ይላል። እዚህ ላይ በቃል የተያዘ ዜማ አያድንም፤ ዐይን የእያንዳንዱን ሆሄ መልክ ለይቶ ማወቅ ግዴታው ይሆናል። መልእክተ ዮሐንስ፣ ወንጌልና ዳዊት የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። አባቴ በልጅነቱ ከዲማ ጊዮርጊስ ብዙም በማይርቅ ደብር ሲማር፣ የኔታው በስንደዶ ጫፍ እየጠቆሙ አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ከታች ወደ ላይ፣ ሌላ ጊዜም አግድም ያስቆጥሩት እንደነበር ይነግረን ነበር። ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን የመሳሰሉት የቅኔ ቤቶች ያፈሯቸው ሊቃውንት ሁሉ የገቡት በዚህችው ጠባብ በር ነው። ስልክ ደግሞ ፊደልን መበታተን ከማንም ይልቅ የሚቀለው መሣሪያ ሆኖ ሳለ፣ መተግበሪያዎቹ ሁሌም ያንኑ ተራ በዘፈን ሲደጋግሙ ሳይ በጣም አዝናለሁ።

ከዜማው ይልቅ ግን የሚከብደው የሳድስ፣ ማለትም በየፊደሉ ተራ ስድስተኛ የሚመጣው ሆሄ፣ ነገር ነው። ካዕብና ሣልስ (ሁለተኛውና ሦስተኛው)፣ ኃምስም (አምስተኛው) ጭምር፣ በአብዛኛው ምልክታቸው የሚታወቅ ነው፤ ‹ሉ›ን ያወቀ ልጅ ‹ቡ›ን እና ‹ሙ›ን ለመገመት ብዙ አይቸገርም። ሳድስ ግን ‹ል›፣ ‹ም›፣ ‹ር›፣ ‹ን›፣ ‹ት› እያለ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ይለወጣል። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ያለ ሳድስ አንድ መስመር መሄድ አይቻልም። ‹ትምህርት› የሚለውን ቃል ተመልከቱ፤ አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። ከዚህም በላይ፣ ሲነበብ የመጀመሪያው ‹ት› እና ‹ህ› አጭር አናባቢ ሲይዙ ‹ም›፣ ‹ር› እና የመጨረሻው ‹ት› ያለ አናባቢ ይነበባሉ፤ በጽሑፉ ላይ ግን ይህን የሚለይ አንድም ምልክት የለም። መተግበሪያው ፊደሉን አንድ በአንድ እየነጠለ ሲጠራ ልጁ አምስት የተቆራረጡ ድምፆች ይሰማል፤ እነዚያን ድምፆች ቢገጣጥማቸው ደግሞ የሚያውቀው ቃል አይወጣውም። መምህር በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው፤ ቃሉን ቀስ ብሎ፣ ሳይቆርጥ፣ ጣቱን በፊደላቱ ሥር እያስኬደ ይጠራዋል፤ ልጁም በጆሮው የሚያውቀውን ቃል በዐይኑ ከሚያየው ጋር ያገናኘዋል። ይህን በመተግበሪያ ውስጥ ማስገባት የሚከብድ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ፊደላችን በዚህ መንገድ እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው በሥራው ላይ መኖር አለበት።

የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅም እንዲሁ ነው። ‹አለ› ተናገረም፣ ኖረም ይሆናል፤ ‹ዋና› ከውኃ ውስጥም፣ ከሹመትም ይገኛል። የልጅ ልጄ ያነበበቻት አንዲት አጭር ታሪክ ውስጥ ‹እሱ ገና ልጅ ነው› የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ ግን ‹ና›ን አጥብቆ የታኅሣሡን በዓል አደረገው። አረምኩላት። ‹ስልኩ እንደዚህ ነው ያለው› አለችኝና እንደገና ተጭና አስጠራችው፤ ስልኩም እንደገና አጠበቀ። ልጆች የመሣሪያን ቃል ከአያት ቃል አስበልጠው ያምናሉ፤ ስለዚህ በመሣሪያው ውስጥ የሚገባው ድምፅ አማርኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው ድምፅ ሊሆን፣ ሰሚ ጆሮ ባለው መምህርም ከመለቀቁ በፊት ሊታረም ይገባዋል።

ይህን ሁሉ የምለው መተግበሪያ አይጠቅምም ለማለት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በበርካታ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ያን ውጤት በሰማሁ ጊዜ በክፍሌ ውስጥ ከስድሳ በላይ ልጆች ነበሩ፤ እያንዳንዱን በቀን ለአንድ ደቂቃ እንኳ አጠገቤ አስቀምጬ ማስነበብ አልችልም ነበር። ሳይሰለች፣ ሳይቆጣ፣ አንዱን ልጅ መቶ ጊዜ የሚያስደግም መሣሪያ ያን ጊዜ በእጄ ቢኖር ኖሮ አልጠላም ነበር።

የታንዛኒያውም ታሪክ በዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2014 በተጀመረው ግሎባል ለርኒንግ ኤክስፕራይዝ በተባለው ውድድር፣ በታንጋ አካባቢ በሚገኙ 170 ያህል መንደሮች ለ2,700 ገደማ ሕፃናት በስዋሂሊ የተዘጋጁ መተግበሪያዎች የተጫኑባቸው ታብሌቶች ተሰጥተው ለ15 ወራት ተሞክረዋል። ሲጀመር ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑት ልጆች አንዲት የስዋሂሊ ቃል ማንበብ የማይችሉ ነበሩ፤ በመጨረሻ ይህ ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዋንቢልዮንና ኪትኪት ስኩል የተባሉት ሁለት ቡድኖች ሽልማቱን ተካፈሉ፤ የተወዳዳሪዎቹም ሥራ ማንም እንዲጠቀምበት በነፃ ተለቀቀ። እኔ ከዚህ የማነሣው ሦስት ነገር ነው፤ ሥራው በልጆቹ አገር ቋንቋ ነበር፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም ነበር፣ በየመንደሩም በፀሐይ ኃይል የሚሞላበት ቦታ ተዘጋጅቶለት ነበር። ስዋሂሊ ግን የሚጻፈው ከሠላሳ በማይበልጡ የላቲን ፊደላት ነው፤ የእኛ 33 ሆሄያት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፣ እንደ ‹ቋ› እና ‹ጓ› ያሉት ዲቃሎች ሳይቆጠሩ። ስለዚህ የእነሱን ሥራ ወስዶ ቃሉን ብቻ ወደ አማርኛ መገልበጥ አይበቃም፤ የትምህርቱ ቅደም ተከተል ከሥሩ መታሰብ አለበት። በእኔ እምነት ልጁ 231ዱንም እስኪጨርስ ቃል ሳያነብ መቆየት የለበትም። ‹ላም›፣ ‹ቤት›፣ ‹በግ›፣ ‹ነብር› ለማለት ጥቂት ፊደላት ይበቃሉ፤ ገና በሁለተኛው ሳምንት እነዚህን ያነበበ ልጅ የማንበብን ደስታ ይቀምሳል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በአማርኛ አንድ ዓይነት ድምፅ ስላላቸው፣ ጥንዶቹን ሁሉ በአንድ ሳምንት ማስተማር ልጁን ከማደናገር በቀር አይጠቅምም፤ በኋላ፣ ንባቡ ከሰመረለት ወዲያ፣ ታሪካቸውን ጨምሮ ሊማራቸው ይችላል። የአንዳንድ አባቶችን ቅሬታ እረዳለሁ፤ ፊደሉ ይቅር አላልኩም፣ ይዘግይ ነው ያልኩት።

ኢንተርኔት የማይጠይቅ መሆኑን አጥብቄ የማነሣው በእኛ በኩል ያለውን ሁኔታ በዐይኔ ስላየሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ልጆች እቤት ሲውሉ፣ በኢንተርኔት ብቻ የሚከፈቱት መተግበሪያዎች ሁሉ በአንድ ቀን ባዶ ሆኑ። አስቀድሞ በስልክ ላይ የተጫነና ያለ መረብ የሚሠራ ነገር የነበራቸው ጥቂት ቤተ ሰቦች ግን ማታ ማታ ልጆቻቸውን ያስነብቡ ነበር። ለዚህ የገጠር ልጅ መተግበሪያው ከስልክ ወደ ስልክ በሚሞሪ ካርድ የሚተላለፍ፣ ርካሽ በሆነ አሮጌ ስልክ ላይም የሚሠራ መሆን አለበት።

ስለ ማስታወቂያም አንድ ነገር ልበል። በነፃ የሚገኝ አንድ የፊደል ጨዋታ ልጅቷ ‹በ›ን በትክክል በነካች ቁጥር ማስታወቂያ ያመጣባት ነበር፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጊዜ ነክታው ከትምህርቱ ወጥታ ወደማላውቀው ገጽ ገባች። እንዲህ ያለውን ለሕፃን አለመስጠት ይሻላል። የጊዜውን መጠን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ሕፃናት ተቀምጦ ስክሪን ማየት በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ያነሰም እንደሚመረጥ ይመክራል። እኔ ለስድስት ዓመት ልጅ ሃያ ደቂቃ፣ ያውም ትልቅ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ይበቃል ባይ ነኝ።

አጠገብ መቀመጥ ሲባል የተማረ ሰው ብቻ የሚችለው የሚመስላቸው ወላጆች አሉ። አንዲት ጎረቤቴ ማንበብ አትችልም፤ ልጇ ግን ከስልኩ ያነበበላትን ታሪክ ሲጨርስ ‹ከዚያስ ምን ሆነ? ቀበሮዋ ለምን ዋሸች?› እያለች ትጠይቀዋለች። ልጁ መልሱን ለመናገር ተመልሶ ያነባል። ከዚህ የተሻለ ረዳት መምህር እኔ በ31 ዓመት አላየሁም።

እንግዲህ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒዩተር ትምህርት የሚማሩት ወጣቶች፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በእንጅባራ ያሉት የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች፣ እንዲሁም አቡጊዳ የሚያስቆጥሩ የኔታዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ይህ ሥራ ከአቅማችን በላይ አይደለም፤ የክልሉ ትምህርት ቢሮም ሰብስቦ ቢያስጀምራቸው ከማንም ይልቅ ይሰማል። በበኩሌ በማስተማር ዘመኔ ልጆች ቶሎ የሚይዟቸውንና የሚሰናከሉባቸውን ቃላት የመዘገብኩባቸው አራት ደብተሮች አሉኝ፤ ያለ ምንም ክፍያ እሰጣለሁ። ድምፅ የሚቀርጽ ከተገኘም ቃላቱን፣ የሚጠብቀውን አጥብቄ፣ የሚላላውን አላልቼ፣ ቁጭ ብዬ አነብለታለሁ። አድራሻዬ በዝግጅት ክፍላችሁ ይገኛል፤ ለሚጠይቅ እንድትሰጡልኝ ፈቅጃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ ላይ ያለሁ የአንደኛ ክፍል መምህርት
ደብረ ማርቆስ፣ ምሥራቅ ጎጃም