የአባባ የምርጫ ካርድ

መሐል ሜዳ፣ ኅዳር 14

አንተ ሰውዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ለመጨረሻ ደብዳቤህ መልስ አልሰጠሁም። ሰበብ የለኝም። መጀመሪያ ዘገየሁ፣ ከዚያ አፈርኩ፤ አንዴ ካፈሩ በኋላ ደግሞ ዓመቱ ሳይታወቅ ይነጉዳል።

ዛሬ ያስጻፈኝ የአባባ ሣጥን ነው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ካረፉ ወዲህ ከፍተነው አናውቅም ነበር። ከበርኖሳቸው ሥር፣ ከግብር ደረሰኝ ጋር የምርጫ ካርዳቸው ወጣ። የ1987ቱ! አንዱን ጥግ አይጥ ቀርጥፋዋለች።

ያን ቀን ትዝ ይልሃል? ሚያዝያ 29፣ እሑድ፣ በዓለ ወልድ። አባባ ከቅዳሴ መልስ ቀጥታ ሰልፍ ገቡ፣ እኛ ከኋላቸው። ሁለት ወረቀት ተሰጣቸው፤ አንዱ ለአዲስ አበባው ፓርላማ፣ አንዱ ለክልሉ ምክር ቤት። ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና አስመራጩን «ሐኪሙስ?» አሉት። ልጁ ክው አለ። እሳቸው መልስም አልጠበቁ፣ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ሲወጡ ወረቀቱን እንደ ክታብ አጣጥፈውት ነበር፤ የሣጥኑ ቀዳዳ አልበቃ ብሎ ሁለት ጊዜ ገፉት።

ሐኪሙማ፣ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ፣ እስር ቤት ነበሩ። እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ባደረጉት ንግግር ጭምር ተፈርዶባቸዋል። የሚመሩት የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት፣ መአሕድ፣ ምርጫውን አልገባም አለ፣ ኦነግም እንዲሁ። ኢሕአዴግ ጠቅልሎ ወሰደው።

ማታ አረቄ ቤት የተጨቃጨቅነውን አልረሳሁትም። አንተ «በጃንሆይ ጊዜ ፓርላማ እንጂ ፓርቲ አልነበረም፤ በ1979 ለሸንጎው ሲመረጥም ያለው ፓርቲ የደርጉ ኢሠፓ ብቻ ነው። አሁን ብዙ ፓርቲ በሕግ ተፈቅዷል፣ ይኼ ቀላል ነው?» አልክ። እኔ ደግሞ ብቻውን ሮጦ አንደኛ የወጣን ሰው አላጨበጭብለትም አልኩ። ሦስት ቀን ተኳረፍን። ሞኞች!

አባባ ግን ነገሩን ሰምተው ምን እንዳሉኝ ነግሬህ አላውቅም። እልህ ይዞኝ ነው የደበቅኩህ። «በ79ኙ ከሣጥኑ ስመለስ የቀበሌው ሊቀመንበር ማንን መረጥክ ብሎ መንገድ ላይ አቁሞኛል፤ ዘንድሮ የጠየቀኝ የለም» አሉኝ። እኔ ጠየቅኳቸው። ከት ብለው ሳቁና «አንተም አትጠይቀኝ» አሉ። እስኪሞቱ አልነገሩኝም።

ያኔ ይኼን ብነግርህ ትረታኝ ነበር። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልረታኸኝም፤ ሐኪሙ የሌሉበት ወረቀት ነው ያጣጠፉት። ግን ያን ሳቃቸውን ሳስበው አፌ ይያዛል።

በካርዱ ጀርባ በእርሳስ «ጨው፣ ላምባ፣ የበሬው ቀሪ 40 ብር» ብለው ጽፈዋል። በሬውን ከማን እንደገዙት አንተ ሳታውቅ አትቀርም፤ ገበያ አብራችሁ ነበር የወረዳችሁት። ዕዳው ካልተከፈለ እንድከፍል ጻፍልኝ። ወይም ራስህ ና። ገብሱ ገብቷል፣ ጠላውም ተጠንስሷል።

ያው ወንድምህ